የሸጋው የጉልበት ሎሚ

ሥራዬ ራጅ ማንሳት ነው፤ ማንበብ አይደለም። ይህን ቃል ዶክተር ማርኩ በየሳምንቱ ይነግሩኝ ስለነበር ዛሬም ከእንቅልፌ ቀስቅሳችሁ ብትጠይቁኝ ሳልደናቀፍ እመልሰዋለሁ። አንሺዋ እኔ ይሻሽ ነኝ፣ አንባቢው ማርኩ ናቸው። ችግሩ ማርኩ እዚህ እስራኤል፣ ቂርያት ጋት ያለው ክሊኒካችን የሚመጡት ሰኞና ሐሙስ ብቻ ነበር፤ ሰው ደግሞ አጥንቱን የሚሰብረው ቀን መርጦ አይደለም።

እኔም ጅል አይደለሁም። ሦስት ዓመት ተምሬ፣ ሁለት ዓመት ሙሉ የሰው እጅና እግር ፊልም ላይ ሳወጣ ከርሜ፣ የተሰበረውን ካልተሰበረው ሳልለይ ልቅር? በተለይ የኛ ሰዎች፣ ከኢትዮጵያ የመጣነው ቤተ እስራኤል፣ መጥተው ፊልም ከሚታጠብበት ጨለማ ክፍል በር ላይ ቆመው፣ "ልጄ፣ ምን ይላል?" ሲሉኝ "ሐሙስ ይምጡ" ማለት አይሆንልኝም ነበር። ጎንደር እያለን ወጌሻው ዳሰስ ዳሰስ አድርጎ እዚያው ይናገራል፤ ስብራት ነው፣ ውልቃት ነው፣ ወለምታ ነው። በባዶ እጁ የዳሰሰ ሰው እየተናገረ እኔ ያን የሚያህል የራጅ መኪና ይዤ ዝም ልል ነው? ስለዚህ ነርሷ ኤስቲ እንዳትሰማ ድምፄን ዝቅ አድርጌ ፍርዴን እሰጥ ነበር። አብዛኛውን ጊዜም ልክ ነበርኩ። አብዛኛውን ጊዜ ልክ መሆን ሰውን ምን ያህል እንደሚያባልግ ያወቅሁት ዘግይቼ ነው።

ዶክተር ማርኩ ከሩማንያ የመጡ፣ ሰባ ዓመት ሊሞላቸው ትንሽ የቀራቸው፣ ሱሪያቸውን በትከሻቸው ማንጠልጠያ የሚይዙ ሰው ነበሩ። ሚስታቸው ሞታለች፣ ልጅ የላቸውም፣ ሲስቁም አይቻቸው አላውቅም። ደግነታቸው የሚታየው ፊልም ሲያነቡ ብቻ ነው። አጠገባቸው ያቆሙኝና በእርሳሳቸው እየጠቆሙ ያስተምሩኛል። ይህ አግድም የተሰበረ ነው፣ ቀጥታ ተመትቷል። ይህ ሰያፍ ነው። ይህ ተጠማዞ ነው የተሰበረው፣ እግሩ ተይዞ ሰውነቱ ዞሯል። ይህ የልጅ አጥንት ነው፣ እንደ እርጥብ እንጨት ጎብጦ በአንድ ወገን ብቻ ተሰንጥቋል። ከሁሉ አብልጠው የሚደጋግሙት ግን የጠርዙን ነገር ነው። አዲስ ስብራት ጠርዙ እንደ ገል ስለታም ነው፤ ጠርዙ ለስላሳና ክብ ከሆነ ግን ቆም ብለሽ አስቢ ይሉኛል። እኔም እሺ እላለሁ። እሺ ማለት ምን ገዶኝ።

እንግዲህ ወደ ሸጋው ልምጣ። ሸጋው ያኔ እጮኛዬ ነው። በኢንዱስትሪ ቀጠናው ካሉት የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካዎች በአንዱ ማሽን ይጠግናል። ሱዳን በረሃ ላይ ተዋውቀን፣ እዚህ ተጠፋፍተን፣ አሽቀሎን አውቶቡስ ጣቢያ ላይ ድንገት የተገናኘን ሰዎች ነን፤ እወደው ነበር፣ አሁንም እወደዋለሁ፣ ማፈሪያም የለውም። በፈረንጆቹ ሰማንያ ስድስት ክረምቱ አልቆ የብርቱካኑ ዛፍ ሲያብብ ሰርጋችን ሦስት ሳምንት ቀርቶት ነበር። አንድ ማክሰኞ ቀን መሰላል ላይ ወጥቶ ሲሠራ እግሩ ከዳውና በጉልበቱ ሲሚንቶው ላይ አረፈ። ሁለት የሥራ ባልደረቦቹ ደግፈው ወደ ክሊኒኩ አመጡት።

ጉልበቱ አብጧል። ራጅ አነሳሁት። ፊልሙን አጥቤ ሳይደርቅ መብራቱ ላይ ሰቀልኩት። የጉልበቱ ሎሚ፣ ያቺ ከፊት ለፊት የምትንቀሳቀሰው አጥንት፣ ከላይ በውጭ በኩል ጥጓ ለብቻው ተቀምጧል። ሎሚዋ ሁለት ሆናለች።

"ተሰብሯል" አልኩ። ድምፄን ዝቅ ማድረግም ረሳሁ።

ተረኛው ሐኪም ገና ልጅ ነበር፤ የኔን ፊት አይቶ አመነኝ። ኤስቲ ተጠርታ የሸጋውን እግር ከታፋው እስከ ቁርጭምጭሚቱ በእንጨትና በፋሻ አሰረችው። እስከ ሐሙስ እንዳይንቀሳቀስ ተባለ። ሸጋው ብዙም እንደማያመው ሊነግረኝ ሞክሮ ነበር። ስብራት አመመም አላመመም ስብራት ነው ብዬ ተቆጣሁት።

ወሬው ከኔ ቀድሞ ሰፈር ገባ። በሁለት ቀን ውስጥ ከቤርሼባም ከአሽዶድም በአውቶቡስ እየተጫነ ጠያቂ መጣ። ሸጋው በእናቱ ሳሎን ውስጥ እግሩን ወንበር ላይ ዘርግቶ እንደ ዳኛ ተቀምጧል፤ የገባው ሁሉ በዘመኑ የተሰበረውን አጥንት እየቆጠረ ይተርክለታል። እናቱ እማማ ሙሉዬ ባላቸውን ሱዳን ቀብረው የመጡ ሴት ናቸው፤ አንድ ልጄን ደግሞ መሰላል ነጠቀኝ እያሉ ያለቅሳሉ። ሰርጉ ይራዘም የሚልና አይራዘም የሚል ሁለት ወገን ተፈጠረ። አጎቱ ደምለው የዚህ አገር ሙሽራ እንደሆነ በወንበር ተሸክመው ነው የሚያስጨፍሩት፣ እግር ምን ያደርግለታል ሲል እኔ እንኳ በዚያ ጭንቀት ውስጥ ሆኜ ሳቄ መጣ።

ሐሙስ ጠዋት ዶክተር ማርኩ ፊልሙን መብራቱ ላይ አደረጉና ወዲያው መለስ ብለው አዩኝ።

"ማን ነው ተሰብሯል ያለው?"

ጣቴን ወደ ራሴ ጠቆምኩ።

"ጠርዙን አየሽው?"

ያን ጊዜ አየሁት። ለስላሳ ነው፣ ክብ ነው፣ ነጭ መስመር ዙሪያውን ከብቦታል። ከገል ጋር የሚያመሳስለው ነገር የለም። ሌላኛውን ጉልበት አንሺልኝ አሉኝ። ደህናውን ጉልበት አነሳሁት፤ እሱም ሎሚው ሁለት ነው፣ ያው ጥግ፣ ያው መስመር። ሸጋው ሲፈጠር ጀምሮ እንዲህ ነው ማለት ነው። ማርኩ እንደነገሩኝ ይህች አጥንት በልጅነት ከአንድ በላይ ቦታ ላይ መጠንከር ትጀምራለች፤ አንዳንድ ሰው ላይ ቁርጥራጮቹ ሳይገናኙ ይቀራሉ። ሕመም አይደለም፣ ስብራትም አይደለም፣ ከመቶ ሰው ሁለቱ ላይ ይገኛል፤ የማያስተውል ሰው ግን ስብራት ነው ይላል። "የማያስተውል" ሲሉ ወደኔ አላዩም፤ ከሚያዩኝ ይልቅ ይህ ባሰብኝ።

ኤስቲ ፋሻውን ፈታች። ሸጋው ተነስቶ ክፍሉን ሁለት ጊዜ ዞረው። ሁለት ቀን ሙሉ ሽንት ቤት ያደረሰኝ አጎቴ ደምለው ነው፣ ይህን ከሰርጉ በኋላ እንነጋገርበታለን አለኝ። እኔ ግን አልሳቅኩም። ማርኩ ፊልሙን ወደ ፖስታው ሲመልሱ እንደ ቀላል ነገር አንዲት ቃል ጣል አድርገው ነበር፤ አንዳንዴ በዘር ይሄዳል ብለው ነበር።

በዘር።

ይህች ቃል ለሌላ ሰው ምንም አይደለችም። ለኛ ግን ሰባት ቤት ሳይርቅ ጋብቻ የለም። ሳይቆጠር ቀለበት አይገዛም። የኔንና የሸጋውን ዘር የቆጠሩት አባ ጌታው ናቸው፤ ሰማንያውን ያለፉ፣ የአገሩን ሰው ሁሉ ትውልድ በራሳቸው የያዙ ሽማግሌ። ከኔ አባት ተነስተው ወደ ላይ፣ ከሸጋው አባት ተነስተው ወደ ላይ፣ ሦስት ሰዓት ተቀምጠው ቆጠሩ። አንድ አያት ላይ ተገናኘን፣ ግን ልክ ሰባት ላይ። አለፈ፣ ለጥቂት ነው እንጂ አልፏል ብለው መረቁን። ያን ቀን "ለጥቂት" የሚለውን ቃል ማንም ልብ አላለውም።

እኔን ያስደነገጠኝ ደግሞ ሌላ ነገር ነው። ባለፈው ዓመት አባቴ ከሕንጻችን ደረጃ ላይ ተንሸራተው ጉልበታቸውን አንስቻቸው ነበር። ያኔ ገና ማንበብ አልጀመርኩም፤ ማርኩ ስብራት የለውም ብለው ጻፉ፣ እኛም ፖስታውን ይዘን ወደ ቤት ሄድን። አባቴ የመንግሥት ማኅተም ያለበት ወረቀት ሁሉ ይቀመጣል ባይ ናቸውና ፖስታው ቁም ሣጥን ላይ ነበር። ያን ቀን ከሥራ ስመለስ አወረድኩት፤ ከክሊኒኩ ይዤው ከመጣሁት የሸጋው ፊልም ጋር ጎን ለጎን መስኮቱ መስታወት ላይ ለጠፍኩት። ሎሚው ሁለት ነው። ያው ጥግ፣ ያው መስመር።

አባቴ ጥሩነህ ከኋላዬ መጥተው ቆመው ኖሯል። ዕብራይስጥ አያነቡም፤ ፊልም ግን ከኔ ቀድመው አነበቡ።

"ይህ የኔ ነው። ያኛውስ?"

መዋሸት እችል ነበር። አልቻልኩም። "የሸጋው ነው፣ አባቴ።"

ብዙ ጊዜ ቆመው አዩት። ሐኪሙ ምን እንዳለ ጠየቁኝ፣ ነገርኳቸው። ከመቶ ሁለት የተባለው ከየትኛው መቶ ነው ብለው ጠየቁ፤ የፈረንጅ መቶ ለኛ አይሠራም አሉ። አባ ጌታው አንዱን ሰው ሁለት ጊዜ ቆጥረውት ከሆነስ? ያኔ ሰባቱ ስድስት ነው፣ ስድስት ደግሞ ነውር ነው። ሰርጉ ይቆይ ብለው ኮፍያቸውን አድርገው ወጡ።

በማግስቱ ጨለማ ክፍል ገብቼ በሩን ቆለፍኩ። ክሊኒክ ውስጥ ሳይታዩ ማልቀስ የሚቻለው እዚያ ብቻ ነው፤ ውጭ ቀይ መብራት በርቶ እያለ ማንም አይከፍትም። ሸጋውን በመሰላል ሳላጣው በራሴ ራጅ ላጣው ነው እያልኩ አለቀስኩ። ፊልም ሳይመጣ ቀይ መብራቱ በዛ ብላ ኤስቲ ጠረጠረችና ጠይቃ አውጣጣችኝ፤ ሰኞ ጠዋት ነገሩን ለማርኩ አደረሰችው።

ማርኩ አስጠርተው ጉዳዩን ከመጀመሪያ እንድነግራቸው አደረጉ። ሰባቱን ቤት ሳስረዳቸው እንደ ከባድ ስብራት ፊታቸውን ሰብሰብ አድርገው ሰሙኝ። ተነስተው ከቦርሳቸው አሮጌ ፖስታ አወጡ፤ ጠዋት ኤስቲ ስልክ ደውላላቸው ከቤት ይዘውት መጥተዋል። የራሳቸው ጉልበት ነው። ሎሚው ሁለት ነው።

"ተማሪ እያለሁ የክፍል ጓደኛዬ ተሰብሯል ብሎ ስድስት ሳምንት ጀሶ ውስጥ አስገባኝ" አሉ። "ሽማግሌዎችሽ መቼ ነው የሚሰበሰቡት?"

በዚያው ቀን ከሥራ በኋላ እኛ ቤት ተሰበሰቡ። አባ ጌታው ከነከዘራቸው መካከል ላይ፣ አባቴ በቀኝ፣ እማማ ሙሉዬና ሸጋው በግራ። ማርኩ ማንጠልጠያቸውን አስተካክለው የበረንዳው መስታወት ላይ ሦስቱን ፊልም ተራ በተራ ለጠፉ፤ ፀሐይዋ ከኋላ ስትመጣ ሦስት ጉልበት ሳሎኑን አየው። እኔ አስተርጓሚ ነኝ። ስለ ራሴ ሰርግ ስከራከር ድምፄ እንዳይሰበር ዓይኔን ምንጣፉ ላይ ተከልኩ።

አባ ጌታው መጀመሪያ የራሳቸውን ነገር አነሱ። አንድ ሰው ሁለት ጊዜ ቆጥረሃል መባልን በሰማንያ ዓመቴ ሰምቼው አላውቅም አሉ። አባቴ አንገታቸውን ደፉ። ከዚያ አባ ጌታው ተነስተው አፍንጫቸው መስታወቱን እስኪነካ ቀርበው ፊልሞቹን መረመሩ።

"ይህ ሦስተኛው ጉልበት የማን ነው?"

"የሐኪሙ ነው፣ አባ።"

"የማን ልጅ ናቸው? ይቁጠሩ በያቸው።"

አስተረጎምኩ። ማርኩ መነጽራቸውን አወለቁ። "አባቴ ዮሴፍ" አሉ። "አያቴ ዛልማን። የሱ አባት ሄርሽ።" እዚያ ላይ ቆሙ። አባ ጌታው ከዘራቸውን እንደያዙ ይጠብቃሉ። "ከዚያ በላይ ያለውን የሚያውቁት አጎቶቼና አክስቴ ነበሩ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ሁሉም በአንድ ሳምንት ተገደሉ። የምጠይቀው ሰው አልቀረም።"

ይህን ወደ አማርኛ ስመልሰው አንዱን ቃል ሁለት ጊዜ ጀመርኩት። እማማ ሙሉዬ በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ፤ በአንድ ሳምንት ብዙ ሰው መቅበር ምን እንደሆነ ሱዳን ላይ አይተውታል። እኔም አለቀስኩ፣ ለሰርጌ አልነበረም። ሁለት ዓመት አብሬያቸው ቆሜ ስለ ሰው ሁሉ አጥንት ስንነጋገር አንድ ቀን እንኳ ስለ ራሳቸው ሰው አልጠየቅኳቸውም።

አባ ጌታው ቀስ ብለው ተቀመጡ።

"ነገሩ ሁለት ነው" አሉ። "ይህ አጥንት ዘር አይቆጥርም ከተባለ የኔ ቁጥር እንዳለ ነው፤ ልጆቹ ይጋቡ። ዘር ይቆጥራል ከተባለም እኚህ ሰው ዘመዳችን ናቸው። ከሳቸው ጋር የምንገናኘው ደግሞ ያዕቆብ ላይ ነው፤ እሱም ሲታገል አድሮ የጭኑ መጋጠሚያ ተነክቶ ሲያነክስ ነበር፣ ኦሪት ላይ አለ። ከያዕቆብ ወዲህ ሰባት ቤት ስንት ጊዜ አልፏል? ጥሩነህ፣ ቁጠረው እስቲ።"

አባቴ አልቆጠሩም። ልጆቹ ይጋቡ አሉ፤ ድምፃቸው ከማነሱ የተነሳ ሸጋው ሰምቶት እንደሆነ ለማየት ቀና አልኩ። ሰምቶታል።

"እኚህንም ሰው ከኛ ጋር ቆጥሬያቸዋለሁ" አሉ አባ ጌታው። "ንገሪያቸው።"

ነገርኳቸው። ማርኩ ወደ መስታወቱ ዞረው ፊልማቸው የተለጠፈበትን ፕላስተር መላጥ ጀመሩ፤ ለአንድ ፕላስተር ብዙ ቆዩበት።

ነገሩ እዚህ ላይ ቢያልቅ ደስ ባለኝ ነበር፤ ግን ጋብቻው ረቢዎቹ ቢሮ መመዝገብ አለበት። የኛ ሰው ለጋብቻ ሲሄድ ከሌላው ይልቅ ብዙ ጥያቄ የሚጠየቅበት ጊዜ ነበር፤ የማን ልጆች ናችሁ፣ በእርግጥ ከእስራኤል ዘር ናችሁ ወይ እየተባልን እንመላለስ ነበር። ለኔ ደግሞ የሚያውቁኝ፣ ግን የማይዛመዱኝ ሁለት ወንዶች ምስክር አምጪ ተባልኩ። ከኛ ሰው መካከል የማይዛመደኝ የሚያውቀኝ ሰው ማግኘት አስቸጋሪ ነው። አንደኛው የኤስቲ ባል ሆነ። ሁለተኛው ዶክተር ማርኩ ናቸው፤ ጥቁር ኮት ለብሰው፣ ጫማቸውን አስጠርገው መጡ። አባ ጌታውም ጸሐፊው እንዳይሳሳት ብለው ተከትለውናል። ዘመድ ምስክር እንደማይሆን ለማርኩ መንገድ ላይ ሦስት ጊዜ አስረድቻቸዋለሁ። ዘመድ ነህ ወይ ሲልዎት አይደለሁም ይበሉ አልኳቸው። እሺ አሉኝ።

ጸሐፊው ስማቸውን ጻፈ፣ መታወቂያቸውን አየ፣ ብዕሩን እንደያዘ ቀና ሳይል ጠየቀ።

"ከልጅቷ ጋር ሚሽፓሓ ነህ?"

አባ ጌታው ከዕብራይስጥ ከሚያውቋቸው አሥር ቃላት አንዷ ይህች፣ ቤተሰብ የምትለዋ ናት። ሲሰሟት ደረታቸውን ነፋ አድርገው ራሳቸውን ወደ ማርኩ ነቀነቁ። ማርኩ እሳቸውን አዩ፣ እኔን አዩ። እኔ በዓይኔ ለመንኳቸው።

"አዎ" አሉ ማርኩ። "ዘመዳቸው ነኝ።"

ጸሐፊው ያን ጊዜ ቀና አለ። የማርኩን ፊት አየ፣ የኛን ፊት አየ፣ እንደገና የማርኩን አየ።

"በማን በኩል?"

"በጉልበታችን በኩል" አሉና ጉልበታቸውን መታ መታ አደረጉ።

ዘመድ አይመሰክርም ተብለው ከምስክርነት ተሰረዙ። ሸጋው ወደ መንገዱ ሮጠና የአውቶቡስ ሹፌሩን አልበርን ይዞ መጣ፤ ባለፈው ክረምት የእጁን አንጓ አንስቼ ተሰብሯል ያልኩት፣ በእርግጥም ተሰብሮ የነበረ ሰው ነው። ሞተሩን ሳያጠፋ መንገደኞቹን ትቶ መጥቶ መሰከረልኝ። አሥራ አንድ ቀን ቆይተን ተጋባን፤ ማርኩ ከአባ ጌታው ጎን ተቀምጠው ነበር።

ከሁሉ የማስታውሰው ግን ያን ወረቀት ነው። ጸሐፊው ማርኩ በሚለው ስም ላይ አንድ መስመር አሰመረበትና አጠገቡ "ዘመድ" ብሎ ጻፈ። ማርኩ አንድ ጊዜ ልየው ብለው ወረቀቱን ተቀበሉት። መነጽራቸውን አደረጉ፣ ልክ ፊልም እንደሚያነቡ ወደ መስኮቱ ብርሃን አዞሩት፣ ከዳር እስከ ዳር አዩት። ጸሐፊው እጁን ዘርግቶ እየጠበቃቸው እንደገና አነበቡት።